ሰማያዊ ካናቴራ የለበሱት

«ተነሺ እንጂ! አንቺን እኮ ነው የሚጠሩት» ይላል የፈረቃው አለቃ ዌንዴል፣ በክርኑ ጎሸም እያደረጋት።

ሬጂና ትነሳለች። ፋብሪካው ያደላት ሰማያዊ ካናቴራ ሹራቧ ላይ ተወጥሯል። ከፊት የተቀመጡት ሠራተኞች ሁሉ ያንኑ ለብሰዋል፤ ያመጣቸው የፋብሪካው አውቶቡስ ነው፣ ሰዓቱም እንደ ሥራ ይታሰብላቸዋል።

የምክር ቤት እንደራሴው ሆልብሩክ በትምህርት ቤቱ የስፖርት አዳራሽ፣ በቅርጫት ኳሱ መረብ ሥር፣ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል። ሐሙስ ዋሽንግተን ላይ ድምፅ ይሰጣል። ባሕር ማዶ ለሚዋጋው ወዳጅ አገር የመድፍ ጥይት መላኩ ይቀጥል ወይስ ይቁም? ሰውየው ገና አልቆረጠም።

ከቆመ የሬጂና ፈረቃ ይዘጋል። ከተዘጋ ፋብሪካው የሚሰጣት የጤና ኢንሹራንስ የለም፤ ኢንሹራንስ ከሌለ የባሏ የኩላሊት እጥበት የለም። ከቀጠለ ደግሞ ጦርነቱ ይሰፋል። ልጇ ትራቪስ ከጦር ሰፈሩ ደውሎ፣ «እማ፣ ጓዛችሁን ሸክፉ ተብለናል» ብሏታል። ይህን ለባሏ እንኳ አልተነፈሰችም።

ማይኩን ትጨብጣለች። ያስጠኗት ንግግር ብን ብሎ ይጠፋባታል።

«እኔ... ሥራ ስጀምር ምድጃ ነበር የምንሠራው» ትላለች። «እኔ የምድጃውን በር ነበር የምገጥመው። እናቶቻችሁ የጋገሩበትን...»

«ምድጃውንማ ቻይና ወሰደችው!» ይላል አንድ ሽማግሌ ከኋላ። «አሁን ደግሞ ጦርነቱን ልታስወስጂብን ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ይፈነዳል። ሬጂናም በጥርሷ ትስቃለች። ዌንዴል ብቻ አይስቅም፤ ድምፅ ሳያወጣ በከንፈሩ «ሥራ! ስለ ሥራው!» ይላታል።

«አሁን የጥይቱን ቀፎ ነው የምንሠራው። ቀፎውን ብቻ። ባሩዱ ቴነሲ ግዛት ነው የሚሠራው፣ ጫፉ አይዋ ግዛት። ለምን እንዲህ ተበታተነ ብዬ ጠይቄ ነበር።»

ዌንዴልን ሳል ይይዘዋል።

«እያንዳንዱ እንደራሴ የሚሳሳለት ሥራ በየሰፈሩ እንዲኖር ነው አሉኝ።»

የሆልብሩክ ፈገግታ ይከስማል።

«እመቤቴ፣ እንግዲህ በግልጽ እንነጋገር። እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑስ? ይላክ ወይስ ይቁም? ያሉኝን ይዤ እሄዳለሁ።»

ሬጂና ውሃ ውስጥ የቆመች ይመስላታል፤ ሁሉም ነገር ከሩቅ፣ በዝግታ ይመጣባታል። በዓይኗ ባሏን ትፈልጋለች። በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ያበጡ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። ቀና አይልም። ቀና ቢልላት ምን እንደምትል አታውቅም።

«ይላክ» ትላለች።

ሰማያዊ ለባሹ ሁሉ ብድግ ይላል። ጭብጨባው ጣሪያውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሽማግሌው ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከትቶ ያፏጫል። ሆልብሩክ መጥቶ ነፃ እጇን በሁለት እጁ ይይዛል፤ ፎቶ አንሺዎች ይሽቀዳደማሉ።

«ገላገሉኝ» ይላታል፣ ጎንበስ ብሎ። «ልጆች አሉዎት?»

ማይኩን የሚያጠፋው ሰው የለም።

«አንድ» ትላለች።

ቃሉ ከአዳራሹ አራት ማዕዘን፣ ከጭብጨባው በላይ፣ ዘግየት እያለ ተራ በተራ ወደ እሷ ይመለሳል። በሩ አጠገብ ባሏ ቀና ይላል።