ሁለት ጊዜ ሰባት

የመድኃኒት ማዘዣውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ አየሁት። አስራ አራት ፍሬ ይል የነበረው አርባ አራት ሆኗል። የመጀመሪያዋ አንድ ላይ ሁለት አጫጭር መስመሮች ተጨምረዋል፤ ቀለማቸው ከዶክተሯ ሰማያዊ ትንሽ ይፈዛል።

እንዲህ ያለ ወረቀት ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። የዚህን ግን የእጅ ጽሑፉን አወቅሁት። እግሯ ረዘም ያለች፣ አናቷ ክፍት የሆነች አራት። እኔም እንደዚያው ነው የምጽፋት። ከላይ ያለውን ስም አነበብኩና ቀና አልኩ። ያስተማሩኝ ሰው ከባንኮኒው ማዶ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል።

የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ አስተማሪዬ ነበሩ። በሌሉበት «ጋሽ አስሉት» ነበር የምንላቸው፤ ሽንት ቤት ልሂድ ብትላቸው እንኳ መጀመሪያ ቦርዱ ላይ ያለውን አስላ ይሉሃል። ወንበር ባዶ እያለ አልተቀመጡም። ማዘዣው የወገብ ዲስክ ይላል፤ መቀመጥና መነሳት ሳያማቸው አይቀርም። እኔ ወደዚህ የመድኃኒት ቤት ቅርንጫፍ ከተዛወርኩ ገና አንድ ወር ነው፤ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኛለሁ፤ እንዴት ያውቁኛል?

«ጋሼ፣ አንዴ ወደ ውስጥ ይግቡልኝ» አልኳቸው።

«ምነው፣ የለም እንዴ?»

«አለ። ይግቡ።»

መርፌ የምንወጋባት ጠባብ ክፍል ገብተን በሩን ዘጋሁና መሸፈኛዬን አወለቅሁ። «አምስተኛ ክፍል አስተምረውኛል። መስኮቱ ጋ፣ ከመንትዮቹ ኋላ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «ያቺ ለፍላፊዋ?»

«እሷው ነኝ።»

ፊታቸው በራ። ከዚያ ዓይናቸው እጄ ላይ ወዳለው ወረቀት ወረደና የበራው ሁሉ ጠፋ።

ማዘዣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ጨነቀኝ። «ጋሼ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሰባት ቀን ይላል። ሁለት ጊዜ ሰባት ስንት ነው?»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ወረቀቱ ላይ አቀርቅረው ቁጥሩን በጣታቸው ተከተሉ።

«ቀኑን ረሳሁት» አሉ በመጨረሻ። «ፍሬውን ለወጥኩና ቀኑን እንዳለ ተውኩት። ተማሪ ቢሠራው ዜሮ ነበር የምሰጠው።»

ሁለታችንም አልሳቅንም።

«አስራ አራቱ ለስንት ቀን ነው የሚበቃዎት?»

«ሦስት። ከጨከንኩ አራት። የቀረውን ቀን ላብ በላብ ሆኜ ስንቀጠቀጥ እውላለሁ።» መዳፋቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «መጀመሪያ አንዷ እስከ ማታ ታደርሰኝ ነበር። ከዚያ እስከ ምሳ። አሁን ጠዋት ስነቃ ወገቤን ሳልዳስስ ብልቃጡን ነው የምዳስሰው። አሞኝ ይሁን፣ እንዳያልቅብኝ ፈርቼ ይሁን፣ መለየት አቃተኝ።»

ማዘዣውን አጠፍኩና በእጄ ያዝኩት።

«ወረቀቱን ስጪኝና ልሂድ። እንዳላየሽ ሁኚ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ብመልስላቸው ማዞሪያው ላይ ወዳለው መድኃኒት ቤት ይሄዳሉ። እዚያ ሥራ የበዛበት ሰው አይቶ እንዳላየ ይሰጣቸዋል። ይህ ብርቱ የህመም ማስታገሻ ሲበዛ የሚያስተኛው ህመሙን ብቻ አይደለም፤ ትንፋሽንም ያስተኛል። ለበላይ ብጽፍባቸው ደግሞ፣ ሠላሳ ዓመት ቦርድ ፊት የቆመ ሰው ፖሊስ ፊት ሊቆም ነው።

«አልሰጥዎትም» አልኩ። እኚህን ሰው እምቢ ብዬ አላውቅም።

«እንግዲያው ክሰሺኝ።»

«አልከስዎትም። ለዶክተሯ እንደውል። የሚነግሯት ግን እርስዎ ነዎት።»

«ትከለክለኛለች።»

«በአንዴ አትከለክልዎትም። በአንዴ ማቆም ራሱ ያሳምማል፤ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ለወገቡም ሌላ የሚረዳ ነገር ይፈለጋል። ጋሼ፣ አላመመዎትም ያለ ሰው የለም።»

«ልጆቼ ይላሉ» አሉ። «ያጋንናል ይላሉ።»

ደወልኩና ስልኩን ሰጠኋቸው። የስልኩን መናገሪያ በመዳፋቸው ሸፍነው በሩን አዩ። ገባኝና ልወጣ ስል፣ «ተይው፣ ቁሚ» አሉኝ።

«ዶክተር» አሉ። «በቀን ሁለት ነው ያልኩት ውሸት ነው። አምስት ነው። ስድስት የሆነበትም ቀን አለ።» ከዚያም ጨመሩ፣ «ማዘዣውንም ነካክቼዋለሁ።»

ከወዲያ የሚባለው አይሰማኝም። የምሰማው የእሳቸውን «እሺ» ብቻ ነው። የመጀመሪያው ደረቅ ነበር። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ትከሻቸው ወርዶ ነበር።

ቀጥላ እኔን አነጋገረችኝ። ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ሳታስገባ ልታያቸው ነው። እስከዚያ የሚያደርሳቸውን ሦስት ፍሬ በአዲስ ማዘዣ በስልኬ ላከችልኝ፤ ከእንግዲህ በየሁለት ቀኑ እየመጡ ከእኔ ይወስዳሉ። የተነካካውን ወረቀት ለእሷ እንድመልስ ነገረችኝ። ሦስቱን ፍሬ በትንሽ ፖስታ አድርጌ ሰጠኋቸው።

«በየሁለት ቀኑ ፊትሽን ላይ ነው» አሉ።

«ታግሠው ያዩኛላ።»

ፖስታውን የደረት ኪሳቸው ከተቱ። እስከ በሩ ሸኘኋቸው። ከበራችን እስከ መንገዱ አምስት እርከን አለ። ሁለተኛው ላይ ቆሙና እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ፤ እዚያው ቆየ። ከኋላዬ ወረፋ የያዘ ሰው ይጠራኛል፤ አልዞርኩም። እጃቸው ከኪሱ ተነሣ። የብረቱን መደገፊያ ፈልጎ ያዘ፤ ሌላ አንድ እርከን ወረዱ።