እናቱ ደጅ ሲደርስ ጸጥ የሚለው የኮንሰርት መኪና

«አጥፋው! አጥፋው በለው... ደጃቸው ደረስን!»

ሞንታርቦ የጫነው ፒካፕ ጭጭ አለ።

አሁን የአርባ ምንጩን ሴቻ ሰፈር ሲያናውጥ የነበረ መኪና... የሚሰማው የጎማው ድምፅ ብቻ ሆነ።

እማማ የሺመቤት የቆርቆሮ በራቸውን ገርበብ አድርገው ቆመው አዩት።

መኪናው ጎን ላይ በተለጠፈው ፖስተር ጥቁር መነፅር አድርጎ የሚስቀው ዘፋኝ ኢያኤል ይባላል።

አንድያ ልጃቸው ነው።

«ተወዳጁ ኢያኤል ለመስቀል በአርባ ምንጭ! እንዳያመልጥዎ!»

ይህን ማስታወቂያ ሲቀላ ሰፈር ሰምቶታል... ሴቻ ሰምቶታል... የጫሞ ሐይቅ አዞ እንኳን ሳይሰማው አይቀርም።

ያልሰሙት እናቱ ብቻ ናቸው።

መኪናው ከታች ሲመጣ ሙዚቃው ይሰማቸዋል። ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወደ በር ይሮጣሉ። ልክ ደጃቸው ሲደርስ ዝም! የጎረቤት አጥር ካለፈ በኋላ እንደገና ይቀልጣል።

ትናንትም እንዲሁ ነበር... ከትናንት ወዲያም።

ጎረቤታቸው እጅጋየሁ ደግሞ ዝም ማለት አልፈጠረባትም።

«እትዬ የሺ... ልጅሽ ከገባ ሰነበተ አሉ። ሆቴል ነው ያረፈው። ለመስቀል! እናቱ እያለች ሆቴል!»

ወገኖቼ... ጋሞን የማያውቅ ሰው ይህ ነገር አይገባውም።

እዚህ አገር መስቀል ሲደርስ ሽሮ ሜዳ ያለው ሸማኔ፣ ፒያሳ ያለው ሊስትሮ ሳይቀር ተጋፍቶ አውቶቡስ ይዞ ቤቱ ይገባል። የተጣላ ይታረቃል። መስቀልን ሆቴል መዋል ማንም የሌለው ሰው ነገር ነው።

«ደክሞት ይሆናላ...» አሉ እማማ የሺመቤት።

ራሳቸውም አላመኑትም።

ኢያኤል አዲስ አበባ ሆኖ ይደውላል። «ደህና ነሽ?»... «ደህና ነኝ»... ይዘጋል። አባቱ ጋሽ ደግፌ ከሞቱ ወዲህ ግን ያንን ደጅ ረግጦ አያውቅም።

አልተጣሉም እኮ! ቢጣሉማ ሽማግሌ ይገባ ነበር። ያልተጣላን ሰው ማን ያስታርቃል?

እሳቸው ግን መስቀል በመጣ ቁጥር ቅቤ ያነጥራሉ... የበርበሬ ዳጣ ይፈጫሉ... ለሁለት ሰው ያቀርባሉ። ከዚያ የአንዱን መልሰው ያነሳሉ።

ያን ቀን ትዕግስታቸው አለቀ።

መንገዱ መሃል ወጥተው መኪናው ፊት ቆሙ።

ማስታወቂያ ነጋሪው ሙስጠፋ፣ የሲቀላው ባለሱቅ ልጅ፣ ከላይ ዘሎ ወረደ።

«እማማ! ምን ሆኑ? ሰላም ነው?»

«አንተ ልጅ... እኔ ደጅ ስትደርሱ ለምንድነው የምታጠፉት? እኔ ሰው አይደለሁም?»

ሙስጠፋ ጭንቅላቱን አከከ።

«እማማ... ታዘን ነው።»

«ማን አዘዛችሁ?»

«ኢያኤል ራሱ። ግን ይቆዩማ፣ እሱ እኮ...»

አልቆዩም። ገብተው በሩን ዘጉ።

አፈረብኝ... አሉ በልባቸው። የዶርዜ ሸማኔ ሚስት፣ የሴቻ አሮጊት... ሰው እንዳያውቀኝ ነው።

ብቻቸውን አለቀሱ። «አይዞሽ» የሚል ሰው በሌለበት ቤት ማልቀስ እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

የኮንሰርቱ ቀን ከሰዓት በኋላ ነጠላቸውን ለብሰው ወደ ሜዳው ሄዱ።

ሰው ገና አልገባም። ኢያኤል መድረክ ላይ ሆኖ ለባዶ ሜዳ «አንድ... ሁለት... ይሰማል?» እያለ ድምፅ ይሞክራል።

እናቱን ሲያይ ማይኩን ጥሎ ወረደ። ሊስማቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። አፍረህብኝ ነው እኔ ደጅ ድምፅህን ያስጠፋኸው?»



«እማ... አንቺ አይደለሽ እንዴ ያልሽኝ?»

«ምን ብዬ?»

«አባዬ የሞተ ጊዜ... እኔ መድረክ ላይ ነበርኩ፣ ስልኬ ዝግ ነበር። ከተቀበረ በኋላ ደረስኩ። ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ... ‹ከእንግዲህ ዘፈን በዚህ ደጅ አይለፍ› አልሽኝ።»

እማማ የሺመቤት አሰቡ... አሰቡ... ምንም አላስታወሱም።

«እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ። ለዚህ ነው መኪናው አንቺ ጋ ሲደርስ ዝም የሚለው። እኔ ደግሞ ከዘፈን ሌላ ምን አለኝ እማ? እኔንም ‹አትምጣ› ማለትሽ መሰለኝ።»

እማማ የሺመቤት መድረኩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ።

«ልጄ... ያን የተናገረው እኮ ሐዘኔ ነው! ሐዘንተኛ ያለውን ሁሉ ይዞ የሚቀር ሰው አለ?»

«እኔ አለሁ» አለ ኢያኤል... እንደ ሕፃን እያለቀሰ።

አመሻሽ ላይ ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ።

ሰዓቱ ደረሰ... ዘፋኙ የለም!

ፉጨቱ ቀለጠ። «የታለ?!»... «አታለላችሁን!»... ሰው መድረኩን ሊጥለው ደረሰ።

ሙስጠፋ ማይክ ያዘ።

«ወገን... ትንሽ ታገሱን። ኢያኤል እናቱ ቤት ገብቷል። የመስቀሉን እየበላ ነው።»

ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ አለ...

ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው ጮኸ።

«ይብላ! ጠግቦ ይምጣ!»

ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ።

ደስ ይላል አይደል? እኔ ግን ባዶ ቤት ያለፉት መስቀሎች ያሳዝኑኛል... እነሱን ማንም አይመልሳቸውም።

ትምህርቱ ይኼ ነው... በሐዘንም በንዴትም ያልነውን እኛ በነጋታው እንረሳለን፤ የሰማን ሰው ግን ዓመታት ተሸክሞት ይኖራል። ደግሞ ዝም ያለን ሁሉ የረሳን አይምሰለን... ቃላችንን እያከበረ ሊሆን ይችላል። ከመፍረድ በፊት እንጠይቅ።

እናንተስ... «አይፈልገኝም» ብላችሁ ደጁን መርገጥ የተዋችሁት ሰው አለ? ምን ብሏችሁ ነበር?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... ወይም እኔን ተዉኝና ለእሱ ደውሉለት።