የቆሙት ሽማግሌዎች

ሦስቱ ሽማግሌዎች «ልጃችሁን ለልጃችን፤ እሺ ሳትሉን አንቀመጥም» ብለው ሳሎኑ መካከል እንደቆሙ የልጅቷ አባት የደምመላሽ ኮምፒውተር ጮኸ። ጥያቄው ከሞምባሳ ነበር፤ እሱ የሠራው የማዕበል መተንበያ ፕሮግራም የተሳሳተ ሰዓት ሰጥቷቸው፣ ጀልባዎች ሊወጡ ነው።

ለባሕር ጥናት የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉ ለዓለም በነፃ እንዲከፈት ከተደነገገ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። የሠራው ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ፣ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ሥራውን ጥሎ መልስ መስጠት አለበት።

ስህተቱን ለማግኘት አርባ ደቂቃ ፈጀበት። ሽማግሌዎቹ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ እግራቸው እየተደገፉ ጠበቁ። ሚስቱ ትርፌ ብቻዋን አጫወተቻቸው። የልጇን ክርስትናም፣ የእናቷን ቀብርም ያስተናገደችው እንዲሁ ብቻዋን ነበር።

ደምመላሽ ይቅርታ እየጠየቀ ሲመለስ፣ ጋሽ ንጋቱ የሚባሉት አንጋፋው ሽማግሌ ፈገግ አሉ።

«አይጨነቁ፣ ለምደነዋል። የእኛም ልጅ ባሕር ወለል ላይ የሚበቅለውን ኮራል የሚቆጥር ፕሮግራም አውጥቷል። አሥራ አንድ አገር ይጠቀምበታል።»

ደምመላሽ ሚስቱን አያት።

«እንግዲያው ይቅርብን፣ ጋሼ» አለች ትርፌ። «ለዚህ ኑሮ ከዚህ ቤት እኔ እበቃለሁ።»

«ልጅቷ እኮ ገብታበታለች። ግማሹን ጥያቄ የምትመልስለት እሷ ናት፤ ዓመት ሆናት» አሉ ጋሽ ንጋቱ።

ትርፌ ወደ ጓዳ ዞረች። ልጇ ምንትዋብ የእንግዶቹን ብርጭቆ በአንድ እጇ ታለቀልቃለች። በሌላው ስልክ ይዛ፣ ስለ ኮራል ለማታውቀው ሰው ዝግ ብላ ታስረዳለች። ድምፅዋ ደስታ የሞላበት ነበር።

«በሉ ተቀመጡ» አለች ትርፌ።