የሐላል መርማሪው የመጣ ዕለት

ወላሂ፣ ከምነግራችሁ አንዲት ቃል ውሸት ቢገኝባት ዘይቴ እሳት ላይ ይርጋ! የሐላል መርማሪ ድሬዳዋ ካለችው ሳምቡሳ ቤቴ የመጣ ዕለት ነው። የምስክር ወረቀቱን ካላገኘሁ ሰፈራችን ያለው ኮሌጅ ለተማሪዎቹ ሳምቡሳ ከእኔ አይወስድም። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ያንኑ ቢላዋ ደጋግሜ ሳጥብ ከረምኩ።

ሰውየው ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ ገባ። አፉን ሳይከፍት ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት። "በሬው ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ ነው! ይሄ ዘይት ሌላ ሥጋ በሕልሙም አላየ!" አልኩት። አርባ ሳምቡሳ በላ፤ አርባ! ከዚያ አለቀሰ። "እንዲህ ያለ ሐላል ከመካ ወዲህ አልቀመስኩም" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

"ታዲያ ወረቀቱ የታለ?" አለኝ ባጃጅ ነጂው ነስሩ፣ ሳምቡሳውን እየገመጠ።

"አቦ፣ የእኔ በወርቅ ቀለም ነው የሚጻፈው፤ ጊዜ ይወስዳል!" አልኩት። እውነቱን ለመናገር ግን ሦስት ሳምንት አልፎታል፤ በቆምኩበት እግሬ አያርፍም፣ ዓይኔም ከበሩ አይነቀልም።

ሊጥ የምትዳምጠው ባለቤቴ ፈሪዳ ቀና ሳትል፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

"የነቢል አባት፣ ሰውየው የበላው ሁለት ነው፤ ያስለቀሰውም ቃሪያው ነው። ዛሬ ጠዋት ተመልሶ መጥቶ የውሃ ቆጣሪያችንን አነበበ፤ ሥራው እሱ ነው። ያን ዕለት ከኋላው መጥተው 'ሥጋውን ከየት ነው የምትገዙት?' ያሉህን ሽማግሌ ግን 'ትልቅ እንግዳ አለብኝ' ብለህ ከደጅ መለስካቸው።"