የተሰጣው ጓንት

ፈቲያ ለእናቷ ናይትራይል የሚባለውን ሰማያዊ የላስቲክ ጓንት የመረጠችላት፣ ዱቄት ያለው ነጩ እጇን እያሳከከ ስላስቸገራት ነበር። እናቷ ግን ቃሪያ ከከተፈችበት በኋላ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልጥለውም አለች። ታጥበዋለች፣ የተጣበቁት ጣቶች እንዲላቀቁ በአፏ ትነፋዋለች፣ ከዚያ ቡራዩ ባለው ቤታቸው ግቢ ውስጥ ከልብስ ጋር ገመድ ላይ ታሰጣዋለች።

«እማ፣ ይሄ እኮ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ነው!»

«ያልተቀደደ ነገር ይጣላል እንዴ፣ ልጄ?»

በመጨረሻው ሰሞን ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። አንድ ቀን የታጠበውን ጓንት ለፈቲያ ዘርግታ «እስቲ አንቺ ንፊልኝ» አለቻት። ፈቲያ ተቀብላ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። እናቷ ቅርጫቱን አየት አድርጋ ፊቷን አዞረች።

ከእናቷ ቀብር ወዲህ በገመዱ ላይ ጓንት ተሰጥቶ አያውቅም። ዛሬ ረፋድ ላይም ፈቲያ ሽንት ቤቱን በበረኪና አጥባ ጓንቷን ጣለች። ልብስ ልታስገባ ስትወጣ ግን ያው ጓንት ገመዱ ላይ ተሰቅሏል። ታጥቦ ውሃው ይንጠባጠባል፤ አምስቱም ጣቶቹ ተወጥረዋል።

«ዛኪር፣ አንተ ነህ ያሰጣኸው?» አለች ባሏን።

«ምኑን?» አለ ዛኪር፣ በሩ ላይ ጫማውን እያሰረ።

ቀረብ ብላ አየች። የጓንቱ አፍ አልታሰረም፤ ንፋስም የለም። ዓይኗ እያየ ቀስ ብሎ ሟሸሸ።

ከዚያ እንደገና ተነፋ፤ ያለ ምንም ድካም፣ እስከ ጣቶቹ ጫፍ ድረስ።