እስከ ሰኞ

«የሚያስለቅስህ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የያዝከውን ሥራ ጨርስ። እግዜር አይቸኩልም፣ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል» ይሉት ነበር የነጋሽ አባት። ወታደር ነበሩ። ኦጋዴን ሄደው በዚያው ቀሩ።

ነጋሽን መንግሥት ከሌሎች የወታደር ልጆች ጋር በመርከብ ኩባ ላከው። አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። እዚያ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የነበረ ሽማግሌ ቤዝ አስተማረው፤ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን፣ ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን ቤዝ። ትምህርቱ ብዙም አልገባውም። ቤዙ ግን ገባው።

አትላንታ ከመጣ ሠላሳ ዓመት ሆነው። በአዘቦት ቀን ዳውንታውን ፓርኪንግ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ከፖርቶሪኮና ከኮሎምቢያ ሰዎች ጋር ላቲን ጃዝ ይጫወታል። ሁልጊዜ ከኋላ ነው የሚቆመው። ፖስተር ላይ ስሙ ወጥቶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ሚድታውን ያለ አንድ አዳራሽ «ነጋሽና ባንዱ» ብሎ ለጠፈ። እሑድ ከሰዓት በኋላ።

ሚስቱ ብዙነሽ አንዱን ፖስተር አምጥታ ፍሪጁ ላይ ሰቀለችው። በሳምንቱ ልቧን አመማትና ሆስፒታል ገባች። ኦፕራሲዮኑ ለሰኞ ጠዋት ተቀጠረ። ሐኪሙ ነጋሽን ኮሪደር ላይ ጠርቶ እውነቱን ነገረው። ተስፋዋ ትንሽ ነው።

«ድንጋጤ ካገኛት ደግሞ» አለ፣ «ሰኞም ላትደርስ ትችላለች።»

ሮብ ከሰዓት በኋላ የዕድሩ ሰብሳቢ ዳኛቸው ደወለና ቤተ ክርስቲያን ብቅ በል አለው። ነጋሽ ሲደርስ አምስት ሰዎች በር ላይ ቆመዋል። መርዶ መሆኑን ከአቋቋማቸው አወቀ። ዳላስ የሚኖረው አንድያ ልጁ ኤልያብ በመኪና አደጋ ሞቷል።

አልቅሶ እስኪወጣለት ደግፈው ያዙት። ከዚያ ዳኛቸው ጆሮው ሥር ተጠጋ።

«ብዙነሽ እንዳትሰማ። ሬሳውን እኛ እናስመጣለን። አንተ እስከ ሰኞ እንደ ወትሮህ ሁን። ስልኳንም ውሰድባት፤ ፌስቡክ ላይ ነፍስ ይማር የሚል አይጠፋም።»

«የእሑዱንስ? እሱን ካንስል ላድርገው።»

«ካንስል ካደረግክማ ታውቃለች! ዕድሜህን ሙሉ የጠበቅከውን ነገር ምን አገኘኝ ብለህ ትተወዋለህ?»

ሐሙስ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ጸሎቱን አድርሶ ሄደ። የብዙነሽ ዓይን አብጧል።

«ምን ሆነሽ ነው ብዙዬ?»

«ደም እንቅዳ እያሉ መች አስተኙኝ!»

ስልኩን ምን ብሎ እንደሚጠይቃት ሲያስብ እሷው አቀበለችው።

«ውሰደው ይኼን። ብርሃኑ ዓይኔን ያመኛል።»

ነጋሽ በልቡ እመቤታችንን አመሰገነ።

«ኤልያብ ደውሎልኝ ነበር ጠዋት» አለች። «ደህና ነው። ሥራ በዝቶበታል፣ አባዬ እንዳይደውልልኝ ብሏል።»

ነጋሽ የአልጋውን ብረት ያዘ። ውኃ ላምጣልሽ ብሎ ወጣና ነርሷን ጠየቃት። መድኃኒቱ ጠንካራ ነው፣ አንዳንዱን በሽተኛ ሕልምና እውኑን ይቀላቅልበታል አለችው። ብዙነሽ አእምሮዋንም እያጣች ነው ማለት ነው። ተመልሶ ገባ።

«ለእኔም ቴክስት አድርጎልኛል» አላት። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ዋሽቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ዕለት አቃተው።

«ነገ ብቀርስ? ካንቺ ጋር ልዋል።»

«አንተ ኩባ!» አለች። ስትቆጣው እንደዚያ ነው የምትጠራው። «ያንን ዝሆን የሚያህል ዕቃ ሃያ ስምንት ዓመት ሳሎኔ ላይ ያስቀመጥኩት ነገ እንድትቀርብኝ ነው? ሱፍህን ልበስና ሂድ። ከረባቱን ደግሞ በግ እንደሚጎተትበት ገመድ እንዳታስረው።»

ሳቀች። ነጋሽም ሳቀ። ወዲያው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና ደከመኝ፣ ልተኛ አለች።

እሑድ ተጫወተ። በዚያ ሙዚቃ ቤዙ የመጀመሪያውን ምት ይዘለዋል፤ ሌላው ሲመታ እሱ ዝም ይላል። ነጋሽ ዝም ባለ ቁጥር በልቡ «አቤቱ ማረን» ይል ነበር። ሲጨርስ ፈረንጆቹ ቆመው አጨበጨቡ። የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጡት የዕድሩ ሰዎች አላጨበጨቡም።

ሰኞ ሊወስዷት ሲዘጋጁ ግንባሯን ሳማት።

«ሁሉንም ተጫወትክ?»

«ሁሉንም።»

«ቆሙልህ?»

«ቆሙ።»

«ተመስገን። በቃ፣ ይውሰዱኝ።»

አንድ የማያውቀው ጎልማሳ አሜሪካዊ አልጋዋን እየገፋ በኮሪደሩ ይዟት ሄደ። ነጋሽ ወንበሩን ትቶ መሬት ላይ ተንበረከከ። ለምን እንደሚለምን ጠፋው። ልጁን የሚመልስለት የለም፤ በሚስቱም ሐኪሙ ተስፋ አልሰጠውም። የሚያመሰግንበት አንድ ነገር ብቻ ቀርቶታል። ሳታውቅ ገብታለች።

ጥቂት ቆይቶ አልጋ የሚገፋው ሰው ብቻውን ተመለሰ። ነጋሽ አጠገብ መጥቶ ቆብ የመሰለውን የራስ መሸፈኛውን አወለቀ፤ ዝቅ ብሎ ትከሻውን ያዘውና እንዲህ አለው፦

«ባለቤትዎ ‘እኔ ከገባሁ በኋላ ንገርልኝ’ ብለው አደራ ሰጥተውኛል። ልጃችሁ ኤልያብ ሮብ ዕለት ሞቷል፤ የእሑዱን ኮንሰርት እስኪጫወቱ ብለው ነው የደበቁዎት።»