በፕላስቲክ የተጠመደው ዓሣ

እኛ ቤት ዓሣ ላላጠመደ ወንድ ሚስት አይሰጥም። አያቴ እማዬን ለአባዬ የሰጠው፣ እዚሁ ሐይቅ ዳር ዓሣ ጎትቶ ሲያወጣ በዓይኑ አይቶ ነው።

ዛሬ ተራው የእህቴ ወዳጅ ነበር። ከአዲስ አበባ ያመጣትን የፕላስቲክ ዓሣ ከነመንጠቆዋ ወርውሮ፣ ጠዋቱን ሙሉ ሳብ ለቀቅ ሲያደርጋት ቆየ።

«እንዲህ ስትወዛወዝ የታመመች ትመስላለች፣ ጋሼ። ትልቁ ሊውጣት ይመጣል» አለ።

«ትልቁም እንዳንተ ሞኝ ከሆነ ይመጣል» አለው አባዬ።

እህቴ ልታለቅስ ደረሰች። «በናትሽ አንድ ነገር አድርጊ» ብላ በጆሮዬ ለመነችኝ። ምን ላድርግ፤ ዓሣ ገበያ ሮጥኩ። ጥሬው አልቋል። የተገኘውን ይዤ በሸምበቆው ውስጥ ለውስጥ ሐይቁ ውስጥ እስከ አንገቴ ገባሁና መንጠቆው ላይ ሰካሁለት። ክሩንም ጎተት አደረግሁለት።

ልጁ ስቦ አወጣው። ዓሣው አባዬ እግር ሥር ዘጭ አለ። ከራሱ እስከ ጅራቱ ተጠብሷል፤ ግማሽ ሎሚም ሆዱ ውስጥ አለ።

አባዬ ጎንበስ ብሎ ከጎኑ ቆረሰ፣ ቀመሰ፣ ቀና ብሎም እማዬን አያት።

«የኔስ ያኔ ከነዳጣው ነበር የወጣው» አለ።